ሞተር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? (ገላን – ዱከም)

ፌርማታ ላይ
ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ገላን ነው። የምሠራው ዱከም፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጥራት ቁጥጥር ላይ። መንገዱ ከ10 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ግን ጠዋት ታክሲው ሞልቶ ይመጣና ገላን ላይ ዞር ብሎም ሳያየን ያልፋል። ማታ ይብሳል። ሰርቪሱ የቀን ሠራተኛውን አድርሶ ይገባል፤ የእኔ ፈረቃ 2 ሰዓት ላይ ሲያልቅ የተገኘው ላይ መንጠላጠል ነው። እስከ አስፋልቱ ባጃጅ፣ ከዚያ ቅጥቅጥ፣ እሱም ከጠፋ የአይሱዙ ጋቢና። በዚያ ሰዓት የማያውቁት ሰው ጋቢና ውስጥ መግባት ምን እንደሚመስል ሴቶቹ ታውቁታላችሁ።

አሁን ዕቁብ ደረሰኝ። ሰፈር ውስጥ ያገለገለ ቦክሰር የሚሸጥ ሰው አለ። ብሩ ይበቃል፣ ለሄልሜትም ይተርፋል። ሰውየው ግን "እስከ ቅዳሜ ቀብድ ካላስያዝሽ ሌላ ሰው እየጠበቀኝ ነው" አለኝ።

ቀን ላይ ወስኜ እውላለሁ። ማታ ጋደም ስል ተሳቢው ይመጣብኛል። እዚያ መስመር ላይ የሚርመሰመሰውን የጅቡቲ መኪና ታውቁት የለ? እናቴ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ብላ ወሬውን ዘጋችው። ወንድሜ "ቆራጥ ሁኚ" ይላል። እሱ ራሱ ሞተር ነድቶ አያውቅም።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ይኼ ፍርሃት ልሰማው የሚገባ ነው ወይስ ሲለመድ የሚያልፍ? በምን ይለያል? የምትነዱም፣ ነድታችሁ የተዋችሁም ንገሩኝ።

አፓቼ በነፍሴ
ከፈራሽ ታክሲሽን ጠብቂ በቃ። ሞተር ወኔ ነው የሚፈልገው። የሚፈራ ነው የሚወድቀው።

የቡራዩ ንፋስ
@አፓቼ እንዲህ የሚሉ ጓደኞች ነበሩኝ። ነበሩኝ ነው ያልኩት። "ፈሪ ለእናቱ" ያሉት ሰዎች ሞኝ አልነበሩም።

@ፌርማታ እህቴ፣ እኔ ከቡራዩ ወደ ሆለታ መስመር ለዓመታት ነድቻለሁ፤ አሁንም እነዳለሁ። አሁንም ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሆዴ ውስጥ ሽው የምትል ነገር አለች። እሷ የጠፋች ቀን ነው ለራሴ የምሰጋው።

ግን "ሞተር እፈራለሁ" ካልሽ ማንም ሊረዳሽ አይችልም። በጣም ሰፊ ነው። ምኑን ነው የምትፈሪው? ወረቀት አውጥተሽ አንድ በአንድ ጻፊው። ሳታሳምሪው፣ እንደመጣልሽ። ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ ነድተሽ ታውቂያለሽ?

ፌርማታ ላይ
ነድቼ አላውቅም። ኋላ ተቀምጬ ግን ሄጃለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ።

እሺ፣ ጻፍኩት። ተሳቢ አጠገቤ ሲያልፍ እንደሚውጠኝ ይሰማኛል፤ ትልቁ እሱ ነው። ከዚያ ማታ። መብራት የሌለው ጋሪ ድንገት ፊቴ ሲደቀን ይታየኛል። ቆሜ ለመነሳት ስል እዚያው ሰው ፊት መውደቅም አለ፤ ያሳፍራል ግን እውነት ነው። መጨረሻ ላይ ብሩ። ገዝቼ ብፈራና ቆሞ ቢዝግ፣ የዕቁብ ብር ማለት ለእኔ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

አሁን ሳየው ደንግጫለሁ። "ሞተር" ብዬ የማስበው ነገር ውስጥ ሞተሩ ራሱ እምብዛም የለበትም።

ጋሽ ካንዴላ
ልጄ፣ እኔ አቃቂ ሞተር በመጠገን ነው ያረጀሁት፤ የመጣው ሁሉ እኔ ጋ ሜዳ ላይ ይለማመዳል። ከጻፍሽው ውስጥ የሰው ፊት መውደቁ ሜዳ ላይ ይቀራል። እሱን አትቁጠሪው።

ጀማሪ ሲፈራ መጀመሪያ የሚታወቀው እጁ ላይ ነው። መሪውን አንቆ ይይዘዋል። ክርኑ ይገተራል። ያኔ መንገድ ላይ ያለች ጠጠር ሁሉ በመሪው በኩል ትከሻው ድረስ ትመጣለች። ሞተሩ መንገዳገድ ይጀምራል። ልጁ "ይኸው ሊጥለኝ ነው" ብሎ ይብስ ያንቀዋል። መፍትሔው ጉልበት ላይ ነው። የቤንዚን ሰልባትዮውን በሁለት ጉልበትሽ ቆንጠጥ አድርገሽ ያዢ፤ እጅሽ ወዲያው ይፈታል። ጣቶችሽን መሪው ላይ ማንቀሳቀስ ከቻልሽ በደንብ ይዘሻል ማለት ነው።

የፈራ እጅ ደግሞ የፊት ፍሬኑን ይቀማል። "የፊቱን አትንኪው፣ ይገለብጥሻል" የሚሉሽ ብዙ ናቸው፤ አትስሚያቸው። ሞተርን በብዛት የሚያቆመው የፊቱ ነው። የኋላውን ብቻ ከረገጥሽ ጎማው ይቆለፍና ቂጡን እየጣለ ይንሸራተታል። የፊት ፍሬን እንደ ሎሚ ነው የሚጨመቀው፤ ቀስ ብለሽ ጀምረሽ እያጠበቅሽ። ይኼን ባዶ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ እስኪሰለችሽ ድረስ ሥሪው። ተሳቢ ፊት የሚያድንሽ ያ የሰለቸሽ ነገር ነው።

ለመቆም ግራ እግርሽን አውርጂ፣ ቀኙ የኋላ ፍሬን ላይ ይቆይ። ለመነሳት ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልሽ ልቀቂ፤ ሞተሩ "ልሂድ" ብሎ ፊቱን ቀና የሚያደርግባት ቦታ አለች። እዚያች ላይ ያዝ አድርጊና ቤንዚን ስጪው። እሷን ቦታ ያገኘ ሰው ፌርማታ ላይ አይወድቅም።

ጉድጓድ ስታዪ ጉድጓዱ ላይ አታፍጥጪ። ሞተር ዓይንሽ የሄደበት ነው የሚሄደው። በጎን በኩል የምታልፊበትን እይ።

ስለ ቀብዱ ግን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። "ሌላ ሰው አለ" የማይል ሻጭ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ፌርማታ ላይ
ጋሽ ካንዴላ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይኼን በወረቀት ገልብጬዋለሁ። እርስዎ ራስዎ ማታ በዚያ መስመር ይነዳሉ?

ጋሽ ካንዴላ
አልነዳም። ከመሸ ቤቴ ነኝ። እንዳልነዳ የሚያደርገኝ ዕድሜ ብቻ አይደለም።

ብር ይዞ መቀመጥ
ሁላችሁም የምትረሱት ነገር አለ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሞተር ዋጋ የት እንደደረሰ ታያላችሁ። ይቺ ልጅ ፍርሃቷን ስታስታምም ብሯ ሊያልቅባት ነው። ዛሬ ገዝታ ታቁመው፤ ቀስ ብላ ትማር።

የቡራዩ ንፋስ
ግቢ ውስጥ የቆመ ሞተር እንዴት እንደሚጣራ እኔ ልንገርህ። ጎረቤቱ "መቼ ነው የምትነጂው?" ይላል፣ ወንድሟ ይስቃል፣ አንድ ቀን ሳትዘጋጅ ታወጣዋለች። ዋጋ ይጨምር። እግር ከተሰበረ በኋላ በርካሽ የተገዛ ሞተር ርካሽ አይደለም።

ነርሷ
ድንገተኛ ክፍል ሠርቻለሁ። ላስፈራራሽ አይደለም የመጣሁት፤ ስለ ሄልሜት ጥቂት ነገር ልበል።

የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን፣ ሄልሜት አደጋ የደረሰበትን ሞተረኛ የሞት ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳቱን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብሏል። ያ ግን የታሰረ ሄልሜት ነው። ክርን ላይ የተንጠለጠለ ሄልሜት የሚያድነው ክርንን ነው። ማሰሪያው ክፍት ሆኖ ጭንቅላት ላይ የተቀመጠውም መጀመሪያ እሱ ነው የሚበረው።

ያገለገለ ሄልሜት አትግዢ። አንዴ ከተመታ ውስጡ ያለው ፎም ይጨፈለቃል፤ ከውጭ ግን አዲስ ይመስላል። ስትለኪው ጉንጭሽን ጠበቅ ማድረግ አለበት፤ ራስሽን ስትነቀንቂ የጉንጭሽ ቆዳ አብሮት ካልተንቀሳቀሰ ሰፍቶሻል። ሹሩባ ተሠርተሽ ሄደሽ እንዳትለኪ። ሹሩባው ሲፈታ ይሰፋሻል። መስታወቱ የተጫረ ከሆነም ይለወጥ፤ ማታ የመኪና መብራት ሲያርፍበት ምንም አታዪም።

ሰው ሁሉ ስለ ጭንቅላት ያወራል፣ እኛ ጋ ግን እግር ሞልቷል። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ አድርጊ። ጓንትም። የሚወድቅ ሰው መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው። ሻርፕሽም ነጠላሽም ጃኬት ውስጥ ይግባ፤ ካቴና ወይ ጎማ ከያዘው አንገት ነው የሚጎትተው።

ልግዛው ወይ ላልሽው መልስ የለኝም። ማታ በዚያ መስመር ግን ለእህቴ አልፈቅድም።

አፓቼ በነፍሴ
ሞተር መድረክ ነው ወይስ የጤና ጣቢያ? ሃሃሃ

ቲቸር
እኔ የፈራሁትን ነገር በቁጥር ሳየው ይቀለኛል። ፊዚክስ ስለማስተምር ይሆናል።

በሰዓት 60 ስትነጂ በየሰከንዱ ወደ 17 ሜትር ትሄጃለሽ። ጋሪውን አይተሽ እጅሽ ፍሬኑን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ሄደ እንበል። ከዚያ ጥሩ ጎማ፣ ደረቅ አስፋልትና ጎበዝ እጅ ይዘሽ ለመቆም 20 ሜትር ገደማ ትፈልጊያለሽ። ድምሩ ወደ 40 ሜትር ተጠጋ። አጭር መብራት ይዘሽ፣ ከፊትሽ የሚመጣ መኪና ረጅም መብራት እያበራብሽ፣ ጥቁር ጋሪ በ40 ሜትር ይታይሻል? አይመስለኝም። በ40 ከነዳሽ ግን ጠቅላላው ወደ 20 ሜትር ይወርዳል። ግማሽ ማለት ነው። ታዲያ በ40 እየነዳሽ ኋላሽ የሚመጣው ተሳቢ በ80 ነው። ስለዚህ ማታ ያለው ፍርሃትሽ ስሌቱን ከእኔ ቀድሞ ሠርቶታል።

ሌላ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ኸርት የመራው የታወቀ ጥናት አለ። ሎስ አንጀለስ አካባቢ ከ900 በላይ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መረመሩ። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው በራሱ የተማረ ወይም ቤተሰብና ጓደኛ ያስተማረው ነው። ከግማሽ በላዩ ያንን ሞተር ከያዘ 5 ወር አልሞላውም። ከመኪና ጋር በተፈጠረው ግጭት ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ላይ ቅድሚያ የነሳው ባለመኪናው ነበር።

ሎስ አንጀለስ ዱከም አይደለችም፤ ጋሪ የላትም። ጥናቱም የቆየ ነው። ግን የመጀመሪያዎቹ ወራት ነገር የትም አገር ያው ይመስለኛል። ወንድምሽ ወይ ሻጩ "እኔ በአንድ ቀን አስለምድሻለሁ" ካለሽ ይኼን አስቢ። ማሠልጠኛ ግቢ።

ተውኩት
እኔ ዓለም ገና ነኝ። ማሠልጠኛ ገባሁ፣ መንጃ ፈቃዱን አወጣሁ፣ የጓደኛዬን ሞተር ተውሼ ሰፈር ውስጥ ነዳሁ። ሰፈር ውስጥ ያለው ፍርሃት ሄደ። የጅማ መንገድ ላይ ስወጣ ያለው ግን አልሄደም፤ እንዲያውም ነገሩ ሲገባኝ ጨመረ። ተውኩት።

ሰው "ሽንፈት" ይለዋል። እኔ ጋ ምንም የጎደለ ነገር የለም። የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተደራጅተን አንድ ሚኒባስ በወር ኮንትራት ያዝን። ወጪው ከታክሲው ትንሽ ይበልጣል፣ እንቅልፍ ግን ይገባል መኪናው ውስጥ።

ያንቺ ፈረቃ ላይ ስንት የገላን ሰው አለ? ሞተሩን ከመግዛትሽ በፊት እሱን ጠይቂ።

ሊብሬ ይቅደም
ማንም ያላነሳው ነገር። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2011 ክረምት ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር መንዳት ክልክል ነው። ያኔ ምክንያቱ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያ ነበር። ስለዚህ በዚህ ሞተር "ቅዳሜ ቅዳሜ መርካቶ እወጣበታለሁ" የሚል ሐሳብ ካለሽ አውጪው። ወደ ዱከም ነው የሚያገለግልሽ።

ከሻጩ ጋር ስትነጋገሪ ሊብሬውን በእጅሽ ይዘሽ እይ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ቁጥሩ የተፋቀ ከመሰለሽ ሻይሽን ጠጥተሽ ተነሺ። "በውክልና እንጨርስ፣ ስም ማዞሩ በኋላ ይደርሳል" ካለሽም ያው። በኋላ የሚባለው አይመጣም።

ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሕግ ግዴታ ነው። ግን ስሙ እንደሚለው ነው፤ የሚከፍለው ለገጨሽው ሰው ነው። ያንቺን እግር የሚያሳክም ሌላ ውል ነው፣ ለብቻው ጠይቂ።

ብር ይዞ መቀመጥ
ኤሌክትሪኩን ለምን አታይም? የቤንዚን ሰልፍ የለ፣ ማርሽ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ።

ሊብሬ ይቅደም
ለጀማሪ ይቀላል፣ እውነት ነው። ግን መብራት በሄደ ማግስት ሥራ መግባት አለባት። ገላን ላይ መብራት እንዴት እንደሆነ እሷ ታውቃለች። ደግሞ ተሳቢው ኤሌክትሪክ ነው ብሎ አይምራትም።

የሦስት ልጆች እናት
ልጄ፣ እኔ ሞተር አልነዳም። የመሐሉ ልጄ ለገጣፎ ይነዳል፤ ለዚህ ነው የማነበው።

እናትሽን በቁጥር አታሳምኛትም፤ እኔንም አላሳመነኝም። ያስጨነቀኝ አለማወቄ ነበር። የት መንገድ ነው፣ ስንት ሰዓት ነው፣ ዝናብ ሲሆን ምን ያደርጋል። አንድ ቀን ልጄ ቁጭ አድርጎ መቼ መቼ እንደማይነዳ ነገረኝ። መቼ እንደሚነዳ ሲነግረኝ አልሰማሁትም ነበር፤ መቼ እንደማይነዳ ሲነግረኝ ግን ሰማሁት። ዝናብ ከጣለ አይነዳም። ከመሸ አይነዳም። አንድ ብርጭቆ ከቀመሰ ሞተሩን እዚያው ትቶ ይመጣል። ሲደርስ "ደርሻለሁ" ብሎ ይደውላል፣ አንዳንዴ ሚስኮል ብቻ ነው።

ጸሎቴን አላቆምኩም። ግን እንቅልፍ እተኛለሁ።

ፌርማታ ላይ
ጠፋሁባችሁ። ቀብድ አላስያዝኩም። ያ "ሌላ ሰው" የተባለውም እስካሁን አልመጣም፤ ሞተሩ እዚያው ሸራ ለብሶ ቆሟል። ሻጩ አሁን ሲያየኝ እሱ ነው ቀድሞ ሰላም የሚለኝ።

ማሠልጠኛ ገብቻለሁ። ወድቄያለሁም፣ እንደፈራሁት ሰው ፊት፣ የሠፈር ልጆች ቆመው። ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ፣ በቃ። ለዚያች ነገር ይኼን ያህል ሌሊት ማባከኔ ይገርማል። የጋሽ ካንዴላ የጉልበት ነገር ይሠራል። አሠልጣኙ ራሱ "ማን አስተማረሽ?" አለኝ። ፍሪሲዮኑ ላይ ያቺ "ልሂድ" የምትል ቦታ አሁን በእጄ ትታወቀኛለች።

ሌላም ነገር አደረግኩ። ማታ ፌርማታ ላይ ስቆም ስልኬን ትቼ መንገዱን ማየት ጀመርኩ። መብራት የሌለው ጋሪ የማልመው ነገር አይደለም፤ በየማታው ያልፋል። ተሳቢዎቹ ገና እየተሠራ ካለ ግቢ ሲወጡ ጎማቸው ላይ ያለውን ጥቁር ጭቃ አስፋልቱ ላይ እየጣሉ ነው የሚሄዱት። እዚያ ላይ ዝናብ ጠብ ሲል አንድ ሞተረኛ ቀስ ብሎ፣ በሁለት እግሩ መሬቱን እየነካ ሲያልፍ አየሁት። ጎበዝ ነጂ ነው፣ ያስታውቃል። እሱ እንደዚያ የሚያልፍበት ቦታ ላይ እኔ ምን አደርጋለሁ?

የጠየቅኳችሁ በምን ይለያል ብዬ ነበር። እኔ ጋ እንዲህ ሆኖ ተለየ፦ የመውደቁና የእጅ ፍርሃቱ በተለማመድኩ ቁጥር እያነሰ ሄደ። የማታው መንገድ ግን መንዳት ስለምድም ያው ነው። ቀን ላይ ያለው ተሳቢ መሐል ላይ ነው፤ አንዳንድ ቀን ያስፈራኛል፣ አንዳንድ ቀን አያስፈራኝም።

ማታ ፈረቃ ላይ የገላን ልጆች ሞልተናል። አንድ ላይ ሆነን አስተዳደሩን ሰርቪስ ጠየቅን፤ "እናያለን" ተባልን። እናያለን ምን እንደሆነ ስለምናውቅ እንደ @ተውኩት ኮንትራት ሚኒባስ እያነጋገርን ነው።

የቡራዩ ንፋስ
አንድ የማይመች ጥያቄ ልጠይቅሽ። ማታውን በሚኒባስ ከሆነ፣ ክረምቱን ደግሞ ካልነዳሽ፣ ሞተሩ ብሩን ያወጣል?

ፌርማታ ላይ
እሱን ነው ስደምር የከረምኩት። በብር ብቻ ካየሁት ላያወጣ ይችላል። ግን የቀን ፈረቃ ሳምንት ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ታክሲ ከምጠብቅ ሰዓት ተኩል ተጨማሪ መተኛት እችላለሁ። ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ መንዳቱን ወድጄዋለሁ። ይኼ ዝርዝሩ ላይ አልነበረም።

ስለዚህ ክረምቱ ይለፍ። መንጃ ፈቃዱ እጄ ይግባ። መስከረም ላይ፣ ቀን ቀን ብቻ ለመንዳት፣ አሁንም ካማረኝ እገዛለሁ። ዋጋ ከጨመረ ይጨምር። እስከዚያ ሄልሜቱን ገዝቻለሁ፣ ሹሩባዬን ፈትቼ ለክቼ። እናቴ አድርጋው መስታወት ፊት ቆማ ሳቀች። አልፈቀደችም፣ ግን ሳቀች።

ነርሷ
የማታውን ስለተውሽው ደስ ብሎኛል። ቀን ላይ ተሳቢ ስትከተዪ፣ በስፖኪዮው ውስጥ የሹፌሩ ፊት ካልታየሽ እሱም አያይሽም። እሷን ብቻ ያዢልኝ።

ቲቸር
ተሳቢ በጎን ሲያልፍሽ መጀመሪያ ነፋሱ ይገፋሻል፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ወደ ራሱ ይስብሻል። ሁለቱንም ጠብቂያቸው፤ የሚያስደነግጠው ሁለተኛው ነው። መሪውን አትታገዪ።

ዝናብ ሲጀምርም የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው ክፉ፤ አስፋልቱ ላይ ያለው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበም። ቁሚና ሻይ ጠጪ።

ጋሽ ካንዴላ
መስከረም ላይ ያንን ቦክሰር ልታዪ ስትሄጂ ብቻሽን አትሂጂ፣ እኔን ጥሪኝ። ሰዓቱን ለሻጩ አትንገሪው። ስንደርስ መጀመሪያ እጄን ሞተሩ ላይ አሳርፋለሁ። ሞቆ ከጠበቀን ቀድሞ አስነስቶታል ማለት ነው፤ ብርድ ላይ የማይነሳ ሞተር እንዲህ ነው የሚሸጠው። ቀዝቅዞ ካገኘነው አስነስተን ጭሱን እናያለን። ሰማያዊ ጭስ ካለው ዘይት ይበላል።

ከዚያ የፊት ሹካው ላይ ዘይት ወርዶ እንደሆነ በጨርቅ ትጠርጊያለሽ። የኋላ ጎማውን ወደ ጎን ስትነቀንቂው ኳ ኳ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል። መሪውን ቀስ ብለሽ ከግራ ቀኝ አዙሪው፤ መሐል ላይ ያዝ ካደረገሽ የመሪው ኩሽኔታ ሄዷል። ካቴናው የላላ ከሆነ ግን አትደንግጪ፣ እሱ በትንሽ ብር ይለወጣል። ዋጋ መቀነሻ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሌም ቤት ነኝ።

አፓቼ በነፍሴ
ጋሽ ካንዴላ፣ የእኔም አፓቼ ሰሞኑን ሰማያዊ ያጨሳል። ላምጣሎት?

ጋሽ ካንዴላ
አምጣው። ሄልሜትህን አስረህ ና።